ጓጉንቸሩን ያየሁላት

ጓጉንቸር ቀጭ ሲል ዛሬም ቆም እላለሁ። ታላቅ እህቴ ቤቱን ቆልፋ፣ ብረቱን ሦስቴ ጎተት ጎተት አድርጋ፣ ዝገት ዝገት የሚል እጇን የምትሰጠኝ ይመስለኛል። የትምህርት ቤቱን መንገድ እንጀምራለን። ባሕር ዛፎቹ ጋ ስንደርስ እጄን ትለቀዋለች።

"ዘግቼዋለሁ ግን?"

ያኔ ሮብ ገበያ በምትባል ትንሽ ከተማ ነበርን፤ እሷ ስምንተኛ፣ እኔ አንደኛ ክፍል። እናታችን "ጠላት ነው" ብላ ጠበል አመላለሰቻት። የሰፈር ልጆች ደግሞ በማንበቢያ መጽሐፋችን ውስጥ ባለችው አይጥ ስም አወጡላት። ያቺ አይጥ ጉድጓዷን ደፍና እህል ለቀማ ትወጣለች፤ "ደፍኜው ይሆን?" እያለች ግን ከመንገድ ትመለሳለች።

እኔ ገና ፊደል እየቆጠርኩ ስለነበር ታሪኩን የምታነብልኝ እህቴ ነበረች። በእሷ ንባብ አይጧ ታናሽ እህት አለቻት። "ተደፍኗል እታለም፣ እኔ አይቼልሻለሁ" ትላታለች፤ አይጧም ሄዳ ጠግባ ትገባለች። ደስ ስላለኝ እኔም መንገድ ላይ እንደዚያው እላት ጀመር። "ተዘግቷል እታለም፣ እኔ አይቼልሻለሁ።" ብታምኑም ባታምኑም፣ ይበቃት ነበር።

ሰኔ ሲገባ ማንበብ ቻልኩ። መጽሐፉን ገልጬ ባይ ታናሽ እህት የምትባል የለችም! አይጧ መሽቶባት ጦሟን ታድራለች፣ እንስሳቱ ሁሉ ይስቁባታል። ከሥሩ "ከታሪኩ ምን ተማራችሁ?" ይላል። የተታለልኩ መሰለኝ። እኔ ደግሞ ከልጅነቴም ኩርፊያ አላጣም።

በማግስቱ የሚኒስትሪ ፈተናዋ ነበር። ካለፈች ደብረ ማርቆስ ገብታ እንድትማር፣ ካላለፈች ደብረ ኤልያስ እንድትዳር አባታችን ቆርጦ ነበር። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ መንገዱን አጭቅይቶታል። ባሕር ዛፎቹ ጋ ስንደርስ እጄን ለቀቀችው። የክፍሏ ልጆች ከኋላችን ይመጡ ነበር።

"ዘግቼዋለሁ ግን?"

"እኔ ምን አውቄ! አይጥ!"

ልጆቹ ሳቁ። እህቴ ትንሽ አየችኝና በጭቃው ተመለሰች። እኔ ከልጆቹ ጋር ሄድኩ። ደጋግማ ተመላልሳ ኖሮ፣ ስትደርስ የፈተናው በር ተዘግቷል። በቀጣዩ ጥር ላይ ተዳረች።

ሐኪም ለሕመሟ ስም ያወጣለት ብዙ ቆይቶ ነው። ዛሬ መድኃኒቷን ትወስዳለች፣ ተሽሏታል። አንዳንድ ጠዋት ግን ስልኬ ይጠራል። እሷ ደብረ ኤልያስ ገበያ መንገድ ላይ፣ እኔ ማርቆስ። ገና ሳትጠይቀኝ እቀድማታለሁ።

"ተዘግቷል እታለም፣ እኔ አይቼልሻለሁ።"

"እሺ እናቴ" ትልና መንገዷን ትቀጥላለች። እንዴት አየሽ ብላኝ አታውቅም።

ያን ጊዜ ለምን ያልተጻፈውን እንዳነበበችልኝ አንዴ ጠየቅኋት።

"አይጧ እህት አልነበራትማ" አለችኝ። "እኔ ግን አንቺ ነበርሽኝ።"