ነጭ ነገር ብቻ የምትበላው ልጅ

ዓረብ አገር፣ መዲናት ኸሊፋ በሚባል ሰፈር በምሠራበት ቤት የማሳድጋት የሰባት ዓመት ልጅ ነጭ ነገር ካልሆነ አትበላም ነበር። ሩዝ፣ ዳቦ፣ ባዶ ፓስታ፤ ኸላስ፣ በቃ። ሥጋ ሲቀርብ አፍንጫዋን ትይዛለች፣ እንቁላል ስታይ ጠረጴዛ ሥር ትገባለች። ወተት እንኳ ነጭ ሆኖ ሳለ «ይሸታል» ብላ እምቢ አለች።

አንድ ጠዋት ጫማዋን ሳስርላት «እግሬ ውስጥ ጉንዳን ይሄዳል» አለችኝ። ጫማውን አራገፍኩ፣ ካልሲውን ገለበጥኩ፣ ፍራሿን ሳይቀር ፀሐይ ላይ አወጣሁ። ምንም የለም። እናቷ ማዳም ደግሞ ቤቱን የጉንዳን መድኃኒት አስረጨች። እኛ ስናስል ዋልን እንጂ የልጅቷ ጉንዳን ንቅንቅ አላለም።

በዚያው ሰሞን አስተማሪዋ ደወለች። ልጅቷ ክፍል ውስጥ ትፈዛለች፤ ትናንት ያነበበችውን ዛሬ ትረሳለች። ማዳም ደነገጠች። «ያላ፣ ሐኪም ቤት!» ብላ ሦስታችንም ሄድን።

ሐኪሟ ደሟን አስመርምራ «ምን ትበላለች?» ስትል ማዳም እኔን አየች፣ እኔ ልጅቷን አየሁ፣ ልጅቷ ጣራውን አየች። ሐኪሟ ሳቀች።

«ቫይታሚን ቢ12 አንሷታል» አለችን። «ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው የሚገኘው። ነርቭ ያለሱ በደንብ አይሠራም። እግሯን የሚወርራትም፣ ትምህርቱ አልያዝ የሚላትም ለዚህ ነው። በጊዜ መጥታችኋል፤ ኢንሻአላህ ይስተካከላል።»

መርፌው እዚያው ተጀመረ። ልጅቷ እያለቀሰች «እሷም ትወጋ!» ብላ ወደ እኔ ጠቆመች። ነርሷ የተወጋሁ አስመስላ ክንዴ ላይ ፕላስተር ለጠፈችልኝና ልጅቷ ማልቀሷን ተወች።

ከመርፌው ይልቅ ያስቸገረን ምግቡ ነው። ብለምናትም ባባብላትም እምቢ ስትል፣ ወጥ ቤት ወንበር ላይ አቁሜ እንቁላል እንድትሰብር ሰጠኋት። የመጀመሪያው ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ሁለተኛው እጅጌዬ ውስጥ ገባ፤ በሳቅ ፈረሰች። ሦስተኛው መጥበሻው ላይ አረፈ። የእጇ ሥራ ነውና መጣሉ አላስቻላትም፤ በጣቷ ቆንጥራ ቀመሰች።

«እኔ የሠራሁት አይሸትም» አለች።

ቀስ በቀስ አባቷ ባባ ዓርብ ዓርብ የሚጠብሰውን ዓሣም ለመደች።

ከወራት በኋላ እግሯን መውረሩ ተዋት። አንድ ቀን ሉሰይል ወደሚባለው ከተማ ስንሄድ የሱቆቹን ስም በመኪናው መስኮት እየጮኸች ታነብ ጀመር። ማዳም እየነዳች በመሐረብ ዓይኗን ትጠርጋለች። ልጅቷ ወደ እኔ ዞራ «ያንን አንቺ አንብቢው» አለችኝ። ዓረብኛ እናገራለሁ እንጂ ፊደሉን አላውቀውም።

«አልችልም» አልኳት።

«አይዞሽ፣ እኔ አስተምርሻለሁ።»

እውነቷን ነበር። አሁን በየከሰዓቱ አጠገቧ ታስቀምጠኛለች፤ የፊደሉን ነጥብ ከላይና ከታች ባዘበራረቅኩ ቁጥር እንደ አስተማሪዋ ጠረጴዛውን እየመታች ትቆጣኛለች።