ሮሜይን ያረመው ስንኝ

ሮሜይን ተሎክን ሰው ሁሉ የሚያውቀው በአንድ ዘፈን ነው። እኔ የማውቀው ግን ከዚያ በፊት፣ ከከተማችን ከሞራንት ቤይ ዋና ከተማው ኪንግስተን የሚመላለስ ነጭ ታክሲ ሲነዳ ነው። ጎረቤቴ ነበር። ከኋላ አራት ሰው ጠቅጥቆ፣ መስኮቱን ከፍቶ፣ የራሱን ዜማ እያንጎራጎረ ይነዳል። ተሳፋሪ ሬዲዮ ክፈት ሲለው «ሬዲዮው እኔ ነኝ» ይላል።

«እንግዲያው ጣቢያ ቀይርልን!» ትለዋለች አንዷ፤ መኪናው በሳቅ ይሞላል።

እኔ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነኝ። በአሥራ ሁለት ዓመት እበልጠዋለሁ፤ በየሆቴሉ ስንቱን ዘፋኝ አጅቤያለሁ። የሮሜይን ድምፅ ከብዙዎቹ አይበልጥም። የሚበልጠው ጆሮው ነው። ሰው ከኋላ ወንበር የጣላትን ወሬ ለቀም አድርጎ፣ መንገድ ላይ ካለው የያላስ ድልድይ ሳንደርስ ዘፈን ያደርጋታል።

ከደንበኞቹ አንዷ ሚስ አይሲልዳ ነበሩ፤ ሰፈሩ ሚስ አይሲ ይላቸዋል። ሐሙስ ሐሙስ ሰማያዊ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ጎመንና ጦስኝ በቅርጫት ጭነው ኪንግስተን ገበያ ይወርዳሉ። አንድ ቀን ሮሜይን «ይህን ሁሉ ብቻዎን የሚሸከሙት ልጅ የለዎትም እንዴ?» ቢላቸው፣ «ባሕር ማዶ ነው» አሉ። ሌላ ቃል አልወጣቸውም። የቀረውን እሱ ከራሱ ሞላው።

ዘፈኑን ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ በተሰቀለበት ክፍል ውስጥ ቀዳነው። ሰማያዊ ባርኔጣ ስላደረገች፣ ቅርጫት ስለተሸከመች እናት ነው። ሰውን የሚያስለቅሰው ስንኝ «ልጇ ባሕር ተሻገረ፣ ስሟንም ረሳ» የሚለው ነው። በሦስት ወር ውስጥ ያልከፈተው ፀጉር ቤት፣ ያልከፈተው ሚኒባስ አልነበረም። ሮሜይን ታክሲውን ለአጎቱ ልጅ አስረከበ። ሞንቴጎ ቤይ ሄደን ዘፈንን፤ ቀጥሎም ጀርመን ጠሩን።

ከጀርመን በተመለስን በሁለተኛው እሑድ፣ እናቱ ግቢ፣ አኪ ከሚባለው የፍሬ ዛፍ ሥር ስንለማመድ ሚስ አይሲ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጡ።

«ሮሜይን፣ ያንን ነገርህን ዝጋውና ና።»

ድምፅ ማጉያውን ዘጋው። ወንበር አመጣላቸው፤ አልተቀመጡም።

«ገበያ ውስጥ ያየኝ ሁሉ ከንፈሩን ይመጥልኛል። ትናንት አንዷ ደንበኛዬ ‹ያ ውሻ ልጅሽ አሁንም አልጻፈም?› አለችኝ። ክፋት የላትም። ካንተ ነው የሰማችው።»

«ሚስ አይሲ፣ እኔ እኮ ስምዎን አልጠራሁም—»

«ቅርጫቴን ጠርተሃል። ባርኔጣዬን ጠርተሃል። ስሜማ ምን ቀረው?»

ከበሮ መቺያችን ሊስቅ ቃጣው፤ ፊታቸውን አይቶ ዋጠው።

«ኦስዋልድ አልረሳኝም» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ተጣልተን፣ ልብሱን መንገድ ላይ የወረወርኩት እኔ ነኝ። ከእንግሊዝ አምስት ደብዳቤ ጻፈልኝ። አንዱንም አልመለስኩለትም፤ ኩራት ነዋ! ስድስተኛውን ሚስቱ ጻፈችው፤ መሞቱን ልትነግረኝ።»



«አንተ እኔን መልአክ አደረግክና የሞተ ልጄን ሰደብክ። እሱ ተነሥቶ አይመልስልህ! ዘፈኑን ተው አልልህም፤ ዜማው ደስ ይላል። እሷን ስንኝ ብቻ አውጣልኝ። የነገርኩህንም እንዳታስገባ። እሱ የእኔ ነው።»

ሲሄዱ ከበሮ መቺው «ያለቀለት ነገር ነው፤ ከስንት ሰው ጆሮ ልታወጣው ነው?» አለ። ያሳተመልን ሰውዬም «ሰው የሚያለቅሰው እዚያች ላይ ነው፤ እብድ ነህ?» አለው። ሮሜይን ግን ስንኟን ሊያርም ተቀመጠ። ሙሉ ዘፈን በአንድ የታክሲ ጉዞ የሚጨርስ ሰው በአንዲት ስንኝ ሦስት ሳምንት ታመመ። የሞከራት ሁሉ ወይ የሴትዮዋን ምሥጢር ታወጣለች፣ ወይ ሕይወት የላትም። በመጨረሻ አብረን ወደ ሚስ አይሲ ቤት ሄድን፤ በረንዳው ላይ ቆሞ በቀስታ አዜመላቸው። «ልጇ ባሕር ተሻገረ፣ በልቡም ያዛት።»

ሚስ አይሲ ጦስኙን ማሰር አቆሙ። «በልቡ መያዙን በምን አወቅክ?»

«አላወቅኩም። ግን አምስት ጊዜ የጻፈ ሰው…»

«በቃ» አሉት። «በቃ፣ ልጄ።»

በነፃነት በዓል ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሞራንት ቤይ ሜዳ ላይ አዲሱን ስንኝ ሊዘፍን ወጣ። ቦታዋ ላይ ሲደርስ ሦስት ሺህ ሰው አሮጌዋን በአንድ ድምፅ ዘፈነበት። የሱ ድምፅ ጭራሽ አልተሰማም። እጁን አንሥቶ አስቆመን።

«ሮሜይን፣ ጀርመን ግጥምህን አስረሳችህ እንዴ?» ብሎ አንዱ ጮኸ። ሜዳው ሳቀ።

«አልረሳሁም» አለ። «ያኔ ነው የተሳሳትኩት። ያ ልጅ እናቱን አልረሳም። ሳላውቅ ስሙን አጥፍቻለሁ።»

ሳቁ ቀስ እያለ ቆመ። ከፊት የቆመች ወፍራም ሴትዮ «እና አሁን ምን እንበል?» አለችው። አስተማራቸው። ግማሹ ተከተለው፤ ግማሹ የለመደውን ዘፈነ።

እውነቱን ልናገር፣ በግጥምነቷ አሮጌዋ ትበልጣለች። እንደገና የቀዳነውንም ሬዲዮ ብዙ አላጫወተው። ዛሬም የትም አገር ብንሄድ ሕዝቡ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ነው። እዚያች ቦታ ላይ ሲደርሱ ሮሜይን ማይክሮፎኑን ከአፉ አርቆ ይጠብቃቸዋል፤ ከዚያ ብቻውን አዲሷን ይላል። ትዕቢት የሚመስላቸው አሉ። ሚስ አይሲ ግን በበዓሉ ማግስት ግቢው መጥተው «ሰማሁ» አሉት፤ ወደ እኔ ዞረውም «አንተ ሌንፎርድ፣ ያ ቤዝህ ጥርሴን ሊያረግፈው ነበር» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ጎመኑን በነፃ ይልኩልናል፤ እኛም ባንወደውም እንበላለን።

ሮሜይን ትልቅ ኮከብ አልሆነም። ሦስት አልበም አለው፤ ቤቱን ሠራ፤ ታክሲ ለመንዳት አልተመለሰም። የተለወጠው አሠራሩ ነው። የሰውን ታሪክ ሲነካ ሄዶ ባለቤቱን ያስፈቅዳል። ወጣት ዘፋኞች «ፖሊስ ነህ ወይስ ዘፋኝ?» እያሉ ያላግጡበታል። ባለፈው ዓመት ስለ አንድ ዓሣ አጥማጅና ስለጠፋ ወንድሙ የሠራውን ለሰውዬው አዜመለት። ሰውዬው እስከ መጨረሻው አዳምጦ «ቆንጆ ነው፤ ግን አይሆንም» አለ። ሮሜይንም ግጥሙን የጻፈበትን ወረቀት እዚያው ሰጥቶት መጣ። ከሠራቸው ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነበር፤ የሰማነውም ሦስት ሰዎች ብቻ ነን። አንዳንዴ ጊታሬን ስቃኝ ጣቶቼ ሳላስበው ወደዚያ ዜማ ይሄዳሉ።

«ሌንፎርድ፣ እሱን ተወው» ይለኛል፣ ቀና ሳይል። እተወዋለሁ።