ዳማው የቆመበት ዛፍ

ዛሬ እንጦጦ ላይ ልጄን የተሸከመው ፈረስ መንገድ መሃል ቀጥ ብሎ ቆመና አልሄድም አለ።

መክሊት ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አትራመድም፣ አትናገርም። በየቅዳሜው ጋሽ በዳዳ ዳማው ፈረሳቸው ላይ ያስቀምጡልኛል። እሳቸው ይስባሉ፣ እኔ ከጎን ወገቧን ደግፌ እሄዳለሁ።

ፊዚዮቴራፒስቷ ስትታገለው የምትውለው የመክሊት ግትር እግር እዚያ ላይ በአስር ደቂቃ ይላላል። (ፈረሱ ዲግሪ የለውም።)

የወትሮው መንገድ ስለጨቀየ ዛሬ በሌላ በኩል ወሰዱን። አንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ ጋ ስንደርስ ነው የቆመው። ጋሽ በዳዳ ልጓሙን ሳቡት፤ ንቅንቅ የለም።

«ምን ሆኖ ነው ጋሼ?»

ልጓሙን ላላ አደረጉት።

«ከናንተ በፊት እንደ መክሊት ያለ አንድ ልጅ ይመጣ ነበር። እናቱ ሁልጊዜ እዚህ ጋ እያስቆመችኝ አፉን ትጠርግለታለች። ልጁ ክረምት ላይ አረፈ። ከዚያ ወዲህ በዚህ መንገድ መጥቼ አላውቅም።»

ምን እንደነካኝ እንጃ፣ በሻርፔ ጫፍ የመክሊትን አፍ ጠረግኩላት።

ፈረሱ መራመድ ጀመረ።

ቤት ከገባን ጀምሮ ያቺ እናት ከዓይኔ አልጠፋ አለች። ስሟን እንኳ አልጠየቅኩም። መክሊት ደክሟት ተኝታለች፤ እኔ በየደቂቃው እየሄድኩ ትንፋሿን አዳምጣለሁ።

እንደኔ ዓይነት ልጅ ያላችሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟችሁ ያውቃል? በናታችሁ ጻፉልኝ።

እኛም እኮ ሁልጊዜ የምናስቆምበት ቦታ አለን። መክሊት መንካት የምትወደው የድንጋይ አጥር ጋ።

ዳማው ያንንም ለምዶታል።