በቋንጣ መረቅ የተፈተነ ቅጠል

ጥፋቴን ማመን የሚከብደኝ ሴት ነኝ። እናቴ «አንቺ እጅ ከፍንጅ ብትያዢ እንኳ፣ እጁ የኔ አይደለም ነው የምትይው» ትለኝ ነበር። ስለዚህ አንድ ጊዜ ጥፋቴን አምኜ የሄድኩበትን መንገድና የተቀበሉኝን ሰው ባሰብኩ ቁጥር ተመስገን እላለሁ።

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ በአንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራ ነበር። ላቦራቶሪ ይባል እንጂ አንዲት ክፍል ናት። አንድ ማይክሮስኮፕ፣ ጥቂት የመስታወት ቱቦዎች፣ ከሥሯ ፋኖስ የሚበራባት የሙቀት ሳጥን፤ በቃ። ኃላፊያችን የዕለቱን ሥራ የምንጽፍበትን ደብተር በመስኮቱ ላይ በሲባጎ ያንጠለጥሉታል። የተሳካውንም የከሸፈውንም ማንም አላፊ አግዳሚ ቆሞ ያነበዋል። «ገበናችንን ለገበያተኛ?» ብዬ ሳጉረመርም፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ሐኪምም እንደዚያው ነው» ይሉኛል።

ከደብረ ኤልያስ የሚመጡ አንድ መሪጌታ ነበሩ። ቅኔ ያስተምራሉ፣ ቁስልም ያክማሉ። የቁስል መድኃኒታቸውን በዱቄት አምጥተው «ፈትኑልኝ» አሉን፤ ምን ቅጠል እንደሆነ ግን አይናገሩም። ባገራችን መድኃኒት ከአባት ለልጅ በጆሮ ነው የሚነገረው፤ ለባዕድ ከወጣ ይረክሳል ይባላል። እሳቸውንም አባታቸው ሊሞቱ ሲሉ በመስቀል አስምለዋቸዋል። ኃላፊያችን ደግሞ ስሙ ያልታወቀ ነገር ደብተራችን ላይ አይሰፍርም ባይ ናቸው። በመጨረሻ ተስማሙ፤ መጀመሪያ ይፈተን፣ ከሠራ መሪጌታው ስሙን ይነግሩናል።

አፈታተኑ ቀላል ነው። ሥጋ ቀቅለን መረቁን አጥልለን በየቱቦው እናደርጋለን፤ ከቁስል የተወሰደ መግል ጠብ እናደርግበትና የቅጠሉን ውኃ እንጨምርበታለን። ጀርሙ ከተራባ መረቁ ይደፈርሳል፤ መድኃኒቱ ከገደለው ኩልል ብሎ ይቆያል። አንዱን ቱቦ ለማመሳከሪያ ያለ መድኃኒት እንተወዋለን። እሱ የግድ መደፍረስ አለበት፤ ካልደፈረሰ ፈተናው ከሽፏል ማለት ነው።

ይኸን ልጀምር ስል ሁዳዴ ገባ። ሉካንዳው ተዘጋ፤ በጾም የሚያርድ ከየት ይምጣ? ብልጥ ነኝ ባይ ነኝና ከቅበላ ተርፎ እናቴ ቤት የተሰቀለ ቋንጣ ትዝ አለኝ። በርበሬ ያልነካው ስለነበር ለቅለቅ አድርጌ ጣድኩት። እናቴ አማተበች።

«በጾም ቋንጣ የምትቀቅዪው ለማን ነው?»

«ለጀርም።»

«ጀርምሽስ አይጾምም?» አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን ቱቦዎቹ ሁሉ ኩልል ብለው አገኘኋቸው። ማመሳከሪያውም ጭምር። «እሱ ላይ መግሉን ረስቼ መሆን አለበት» ብዬ ለራሴ ነገርኩና ደፋሁት። ስለሱ አንድ ቃል አልጻፍኩም። እውነቱን ለመናገር መመስገን አምሮኝ ነበር።

መሪጌታው ውጤቱን ሲሰሙ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እንግዲህ አባቴ ይፍቱኝ» አሉና ስሙን ነገሩን። ክትክታ ነው። እኛው አጥር ሥር በቅሎ ስንረግጠው የኖርነው ክትክታ። መቼ እንደሚቀጠፍ፣ እንዴት እንደሚደርቅ አንድም ሳያስቀሩ አስጻፉኝ። ደብተሩ መስኮት ላይ ዋለ፤ በሳምንቱ ያላወቀ ሰው አልነበረም።

ፋሲካ ሆኖ ሥጋ ሲገኝ ፈተናውን ደገምኩት። ሁሉም ደፈረሰ፤ ክትክታው ያለበትም የሌለበትም። ሦስቴ ደጋገምኩት፤ ያው ነው። የቋንጣው ጨው ያኔ ነው የገባኝ። ሥጋው እንዳይበሰብስ የሚጠብቀው ጨው ጀርሙንም አላስበቅል ብሎት ኖሯል። ጨው ምን እንደሚሠራ የማያውቅ የጎጃም ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። ግን የመረቁ ጉዳይ አይደለም ያንገበገበኝ። እኚያ ሰው የአባታቸውን መሐላ ያፈረሱት እኔን አምነው ነው፤ የፈረሰ መሐላ ደግሞ አይጠገንም።

ኃላፊያችን አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ጻፊው። መስኮት ላይ ከመዋሉ በፊት ግን መሪጌታው ከአፍሽ ይስሙት» አሉኝ።

ደብተሩን ይዤ እስከ አማኑኤል በጭነት መኪና፣ ከዚያ በእግሬ ሄድኩ። መሪጌታው ደጃፋቸው ላይ ሲያስተምሩ ደረስኩ። ፊቴን አይተው ተማሪዎቹን አሰናበቱ። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቋንጣውን፣ የደፋሁትን ቱቦ፣ መመስገን አምሮኝ እንደነበር ጭምር። «የመጣው ይምጣብኝ፣ መሪጌታ» አልኩ። መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው አጠገባቸው ያለውን መደብ በእጃቸው ጠረጉልኝ።

«ቁጭ በይ፣ ልጄ» አሉ። «አንቺ የደፋሽው አንድ ቱቦ ነው። እኔ የዳኑልኝን እንጂ ያልዳኑልኝን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ቢወራ ማን ይመጣልኛል? በይ ደብተርሽን ግለጪ።»

ከገጹ አናት ላይ አንድ መስመር ክፍት እንድተው አዘዙኝና ይነግሩኝ ጀመር። ክትክታውን አድርገውለት እግሩ የተቆረጠውን ገበሬ፣ ቁስሏ ወደ አጥንት የገባባትን ባልቴት፣ የስንቱን። ሊረግሙኝ ይገባቸው የነበሩት ሰው እንዲህ ሆዳቸውን ሲከፍቱልኝ በልቤ እያመሰገንኩ ጻፍኩ። ሲጨርሱ ከላይ ክፍት የተውኩትን መስመር በጣታቸው አሳዩኝ።

«እዚያ ላይ አንዲት ልጅ አስገቢ። ዕድሜዋ ሰባት ነው፣ እሾህ ወግቷት። ዐሥራ አምስት ቀን ክትክታ ተደርጎላት አልዳነችም። ሞተች።»

ጻፍኩ። ደብተሩን ተቀብለው ፊደሉን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡና መለሱልኝ።

«ያከማት አባቷ ነበር ብለሽ ጨምሪበት።»