የጨረቃ መሬት

ፍኖተ ሰላም የተከራየሁት ክፍል የጨረቃ ቤት ውስጥ ነበር። ያለ ፈቃድ፣ ሰው ሲተኛ ተጀምሮ ሳይነጋ የሚቆም ቤት በከተማችን የጨረቃ ቤት ይባላል። እኔ ግን ጨረቃ ሲባል ቀድማ ትዝ የምትለኝ ሰማይ ላይ ያለችው ናት። ጉዱም የመጣው ከዚሁ ነው።

ቀን ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ከሥራ ስመለስ ደግሞ ኔትወርክ ባለ ቀን ያወረድኳቸውን የጨረቃ ፎቶዎች ዘርግቼ የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፌን እሠራለሁ። በገባሁ ሰሞን አከራዬ፣ ከሽንዲ ገጠር የመጡ ባልቴት ናቸው፣ "እዚህ ኮምፒውተር ላይ ተጎልተህ ምንድን ነው የምትሠራው?" ብለው ጠየቁኝ።

"የጨረቃ መሬት አጠናለሁ፣ እማማ" አልኳቸው።

ፊታቸው ልውጥ አለ። "ደግ" ብለውኝ ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ሆነ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ እርጎ በቅል ይዘው መጡ። ይቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ። ነጠላቸውን ደጋግመው ካስተካከሉ በኋላ፣ "እንደው ባክህ መምህር፣ ቤቴን መጻፍህ ካልቀረ፣ ጥጓ ላይ ያለችውን ክፍል ዝለልልኝ። ሌላው ይፍረስ፣ ግድ የለም። እሷ ከፈረሰች ልጄ ሲመጣ የት ብሎ ያገኘኛል?" አሉኝ።

የጨረቃ ቤቶችን ለማስፈረስ የምመዘግብ መስሏቸው እንደነበር ሲገባኝ ሳቄ መጣ፤ ልጃቸው ትዝ ሲለኝ ግን ሳቄን ዋጥኩት። ልጃቸው እህል በጫነ መኪና ተሳፍሮ፣ "ቡሬ ደርሼ ማታ እመለሳለሁ" እንዳለ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀርቷል። ስልኩ አይጠራም። ሞተ ያለም የለ፣ አየሁት ያለም የለ። እሳቸው ክፍሉን ቆልፈው ቁልፉን ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አሥረውታል፤ የሚገቡትም ሊጠርጉ ብቻ ነው።

እጃቸውን ይዤ ደጅ አወጣኋቸው። የጎደለች ጨረቃ ከባሕር ዛፉ በላይ ነጥታ ትታይ ነበር።

"የማጠናው መሬት ይኸውልዎ።"

"ይህችን?" አሉ፤ ትንፋሻቸው መለስ ሲል ሰማሁት። "ያ ጠቆር ጠቆር የሚለውሳ?"

"እሳተ ገሞራ ፈስሶ የረጋበት ነው። አገር ቤት ማረሻ የሚሰብረው ጥቁር ድንጋይ ዓይነት። የጥንት ሰዎች ከሩቅ አይተው ባሕር አሉት እንጂ ውሃ የለበትም።"

"ከቶ ውሃ የላትም?"

"ደረቅ ናት ሲባል ነበር የኖረው። በኋላ ግን ከዚያ የመጣውን አፈር ደግመው ሲመረምሩ፣ እሳቱ በረጨው ብርጭቆ መሳይ ፍንጣሪ ውስጥ የውሃ ርዝራዥ አገኙ። ፀሐይ በማይገባበት ጉድጓዷም በረዶ አለ ይላሉ።"

"ማን አይቶት?"

"በዓይኑ ያየው የለም። በምልክት ነው።"

ጨረቃዋን ቀና ብለው አዩና፣ "እንግዲያ እናንተም ያገኛችሁት የውሃ ሽታ ነዋ" አሉ። ሰሙ ለጨረቃ፣ ወርቁ ለልጃቸው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ተወዳጀን። ሰላም የነሳኝ ያ የተቆለፈ ክፍል ነው። ከእኔ የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። እሳቸው ገበያ በወጡበት ከሰዓት በኋላ፣ የተማሪዎች ፈተና ሳርም፣ ከግድግዳው ማዶ አልጋ ሲጢጥ ሲል ሰማሁ። ቀጥሎ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ወጥቼ አየሁ፤ በሩ እንደተቆለፈ ነው። አይጥ ነው አልኩ። አይጥ ጉሮሮውን አይጠርግም።

ሌላ ቀንም እንዲሁ ሆነ። ያን ሰሞን የማነበው፣ የጨረቃ እሳት ጠፋ ከተባለ እጅግ ቆይቶም እዚህም እዚያም ይፈስ እንደነበር ስለሚያመለክቱ ጥናቶች ነበር። የማነበውን ትቼ ግድግዳውን አዳምጣለሁ። የተማርክ ሰው አይደለህም እንዴ ብዬ ራሴን ተቆጣሁ፤ ፈራሁ ግን፣ በጣም ፈራሁ። ለእሳቸው ትንፍሽ አላልኩም። የእናትን ተስፋ በኮሽታ መቀስቀስ ግፍ መሰለኝ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ከማዘጋጃ ቤት ሜትር የያዙ ሁለት ሰዎች መጡ። ሰው የሚኖርበት የጨረቃ ቤት ይመዘገባል፣ ባዶውን ተዘግቶ የተገኘ ክፍል ግን ለሽያጭ የተሠራ ነው ተብሎ ይፈርሳል እየተባለ ሲወራ ሰንብቷል። አንደኛው የጥጓን ክፍል በር ገፋ አድርጎ፣ "ይቺ ባዶ ናት?" አለ።

"ልጄ አለባት" አሉ አከራዬ።

"የታለ ታዲያ?"

እሳቸው ዞረው አዩኝ። እንደዚያ ያለ ልመና በሰው ዓይን ላይ አይቼ አላውቅም።

"አለ" አልኩ። "የሚለየን ግድግዳ ነው። አልጋው ሲጢጥ ሲል እሰማለሁ። ጉሮሮውን ሲጠርግም እሰማለሁ።"

ሰውየው ፊቴን ትክ ብሎ አየኝ። "መምህር ካለ መቼም" አለና በሩ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፈ። ክፍሏ ተረፈች።

ከግቢው እንደወጡ ምርቃት ጠብቄ ነበር። አከራዬ ግን ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

"ልጄ" አሉኝ በሹክሹክታ፣ "አንተም ትሰማዋለህ እንዴ?"