የበቀለ ስንዴ ዳቦ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ድፎ ዳቦውን ከእሳት ላይ ሳወርድ ቤቱን የሞላው ሽታ የለመድኩት የዳቦ ሽታ አልነበረም፤ ጣፋጭ ጣፋጭ፣ ብቅል ብቅል ይላል። መብሰሉን ልይ ብዬ በቢላ ጫፍ ወጋ ሳደርገው ውስጡ እንደ ሙጫ ተለጥፎ ወጣ። ያኔ ትዝ አለኝ። ዱቄቱን የላከልኝ የልጅነት ጎረቤቴ ሁሴን ነው፤ ባለፈው ሳምንት ደውሎ፣ ዘንድሮ ስንዴው ሳይታጨድ ዝናብ ስለደረሰበት በዛላው ላይ እንዳለ እንደበቀለ፣ ዱቄቱ ለቂጣ እንጂ ለድፎ እንደማይሆን ነግሮኝ ነበር። እኔ ግን ልቤ የት ሄዶ እንደነበር እንጃ፣ እሺ እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ረሳሁት።

ልቤ የት እንደነበርማ አውቃለሁ፤ ነገ ላይ ነበር። ልጄ ቤዛ የምትሠራው ሐዋሳ ነው። ሦስት ቀን ፈቃድ አግኝታ ወደ እኔ ወደ ሮቤ መጣች፤ እኔም ሦስቱን ቀን ሙሉ ስሸኛት ከረምኩ። በመጣች ዕለት ገና ጫማዋን ሳታወልቅ የምትመለሺው መቼ ነው ብዬ ጠየቅኋት፤ በማግሥቱ ቆሎ ስቆላ፣ በሶ ስቋጥር ዋልኩ፤ ዛሬ ደግሞ ይኸው ለመንገዷ ዳቦ። እሷም ስልኳ ላይ የነገውን አየር ታያለች፣ መንገዷ ላይ፣ ዲንሾ ጋ ጭጋግ አለ ትለኛለች፣ እኔም አብሬያት ስለ ጭጋጉ እጨነቃለሁ። ገና ያልተነሳች መኪና አስጨንቃን ፊት ለፊት ተቀምጠን አንድ ወግ አላወጋንም።

ይህ ሽታ ግን እጄን ይዞ አባቴ ቤት ወሰደኝ።

ያደግነው ከሮቤ ወደ ጎሮ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አገሩ ሁሉ ስንዴ በሆነበት ሜዳ ላይ ነው። አያቴ ከመንዝ መጥቶ እዚያ ጎጆ ቀለሰ፤ እኛ የልጅ ልጆቹ ስንጸልይ በአማርኛ፣ ስንጫወት በኦሮምኛ ሆነን አደግን። አባቴ ታደሰ ይባላል። ረዥም፣ ቀጭን፣ ጥርሱ ፍንጭት፣ ድምፁ ለመዝሙር የማይሆን፣ እሱ ግን ይህን ፈጽሞ የማያውቅ ሰው ነበር። ጠዋት በሩን ሲከፍት ሰማዩን ያያል፣ ያማትባል፣ «ተመስገን፣ ለዛሬ አደረስከን» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ ወደ ሰማይ ቀና አይልም። ጎረቤቱ ሁሉ የደመና ሊቅ በሆነበት አገር ይህ ጠባዩ ሰውን ያስቅ ነበር። ቤታችን ውስጥ «ነገ» የሚለውን ቃል «ካሰነበተን» ሳይሉ መጥራት ነውር ነው፤ የረሳ ልጅ ካለ አባዬ ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ዝም ብሎ ያየዋል፣ እስኪጨምርበትም ድረስ አይጎርስም። ታናሽ ወንድሜ አንድ ጊዜ፣ ነገ የሒሳብ ፈተና አለን፣ ካላሰነበተን ግን ይቀርልናል ብሎ አባዬን ጉርሻውን እስኪያስጥለው ድረስ አስቆታል።

እማዬ ደግሞ ሌላ ሰው ነበረች። አባዬ ዳቦ ባርኮ ሲቆርስ ሁሉንም ይቆርሰዋል፤ ለእኛ፣ ለጎረቤት፣ ለአላፊ አግዳሚው፣ ለውሻው ሳይቀር ይዳረሳል። እማዬ ግን ገና ሳይቆረስ ሩቡን ሸርፋ ጓዳ ውስጥ ትደብቃለች። አባዬ ያውቃል። የጎደለውን በዓይኑ እየለካ ይቺን ዳቦ ዛሬም አይጥ ነክቷታል ይላል፤ እማዬም ፊቷን ሳትፈታ፣ ምን ያድርግ፣ ነገም ይርበዋል፣ ካሰነበተው ትላለች። ተጋብተው እስከኖሩ ድረስ እንዲህ ነበሩ።

ያን ዓመት እኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ለዘጠነኛ ጎባ መሄድ ነበረብኝ፤ ጎባ ደግሞ የሚከራይ ክፍል፣ ብርድ ልብስ፣ ለዚያ ውርጭ የሚሆን ጫማ ይፈልጋል። ይህ ሁሉ የሚወጣው ከመንገዱ ማዶ ካለው ስንዴያችን ነበር። የበልጉ ገብስ ለቤት ቀለብ ነው። ስንዴው ካልተሸጠ ጎባ የለም፤ ይህን አባዬም እማዬም አልደበቁኝም። ስለዚህ ያን ስንዴ እንደ ሕፃን ልጅ እጠብቀው ነበር፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ አንድ ዛላ በመዳፌ አሽቼ ፍሬውን አኝኬ ሳላይ ቤት አልገባም።

ታኅሣሥ ላይ ኮምባይነሩ መጣ። ኮምባይነር አንድ፣ ማሳ ብዙ ስለሆነ ገበሬው ተሰብስቦ ቀኑን በዕጣ ይደለደል ነበር፤ ወረቀት ይታጠፋል፣ ባርኔጣ ውስጥ ይገባል፣ እያንዳንዱ እጁን ይሰዳል። አባዬ እጁን ሰዶ ያወጣት ወረቀት አሥራ ዘጠኝ ትላለች። ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ፣ የዓመቱ ገብርኤል፣ ያውም የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ታቦት የሚወጣበት ቀን። በዚያ ቀን እንኳን ማሳ ማሳጨድ፣ ቤታችን ውስጥ መርፌ አይነሳም። ሰው ሁሉ «አዬ ታዴ» ብሎ ሳቀ አሉ። ወዲያው ጎረቤታችን ኦቦ ከድር፣ የሁሴን አባት፣ ለእኔ አርብ አይሁን እንጂ ሁሉም ቀን ቀን ነው ብሎ የራሱን አሥራ ስምንት ሰጠውና አሥራ ዘጠኙን ወሰደለት። አባዬም በዚያ ድምፁ እየዘመረ ቤት ገባ።

ግን ሰው ያስባል፣ እግዜር ይፈጽማል። አሥራ ስድስት ቀን ላይ የኮምባይነሩ ቺንጋ፣ መዘውሩን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ተበጠሰ። ሌላ ቺንጋ ከሮቤ እስኪመጣ መኪናው አንድ ሙሉ ቀን ቆመ፤ የሁሉም ሰው ተራ አንድ አንድ ቀን ተገፋ። አሥራ ስምንት የነበረው የእኛ ተራ አሥራ ዘጠኝ ላይ ዐረፈ። አባዬ ሸሽቶ ሸሽቶ ሄዶ እዚያው ገብርኤል ላይ ቁጭ አለ ማለት ነው።

በበዓሉ ጠዋት ኮምባይነሩ እያጓራ መጥቶ ማሳችን ጫፍ ላይ ቆመ። አባዬ ከሌሊቱ ማኅሌት መመለሱ ነበር፣ ነጠላውን እንኳ አላወረደም። ሹፌሩ ከላይ ሆኖ ልግባ ወይስ ልለፍ ይላል። ኦቦ ከድር በጊኒር በኩል የጠቆረውን ሰማይ እያሳየ፣ ታዴ ይሄን ደመና ተመልከት፣ አንተ ወደ ቤተ ክርስቲያንህ ሂድ፣ እኔ ከልጆቼ ጋር ቆሜ አሳጭድልሃለሁ፣ የእኔ ነገ ይደርሳል ይለዋል። እማዬ በሰው ፊት ባሏን ተቃውማ የማታውቅ ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን ከደጃፉ ላይ ሆና ተናገረች።

«ልጅቷ ትማር ቢባል ገብርኤል ይቀየማል?»

«አይቀየምም» አለ አባዬ። «ግን ዛሬ በዓል ነው። ዛሬን ሸጬ ነገን አልገዛም። ነገ ባለቤት አለው።»

ኮምባይነሩ ዞሮ ወደ ኦቦ ከድር ማሳ ገባ። የእኛ ተራ ለማግሥቱ ተባለ።

ያን ቀን እንደ አባዬ የተደሰተ ሰው አልነበረም። ታቦት አጀበ፣ አጨበጨበ፣ የነቢያት ጾም ነውና ያገኘውን ሰው ሁሉ እየጎተተ ሽሮና ምስር አበላ። ስለ ስንዴው አንድ ቃል አልተነፈሰም። ለሰው ብሎ አስመስሎ ቢሆን ኖሮ ፊቱ ላይ አገኘው ነበር፤ አፍጥጬ ስከታተለው ነው የዋልኩት። እኔ ጆሮዬ ውስጥ የነበረው የኮምባይነሩ ድምፅ ብቻ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ኦቦ ከድር የመጨረሻውን ጆንያ ባስገባ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ዝናቡ ጀመረ። ያን ቀንም በማግሥቱም ሳያቋርጥ ዘነበ፣ መሃል ላይ በረዶም ቀላቀለበት። አባዬ እንደ ልማዱ ጸልዮ ተኛና ሲያንኮራፋ ሰማሁት፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ጠላሁት።

ስንዴው ተኛ። ኮምባይነሩ ጭቃው ውስጥ መግባት ስላልቻለ ወደ ጎሮ አለፈ። ሲያባራ አባዬ ማጭዱን ይዞ ወጣ፣ ከዳር ጀምሮ እፍኝ በእፍኝ ያጭድ ገባ። ኦቦ ከድር ማንም ሳይጠራው ሁሴንንና ሁለቱን ታላላቆቹን አስከትሎ መጣ፤ «አካም ቡልተኒ» ብሎ እንደ ደህና ጊዜ እንዴት አደራችሁ አለንና፣ ነግሬህ ነበር የምትል ቃል ሳያወጣ ጎንበስ ብሎ ማጨድ ጀመረ። ሳምንቱን እንዲያ ከረምን። ግማሹን አተረፍን፤ ያልደረስንበት ግን እዚያው በተኛበት፣ ዛላው ላይ እንዳለ አረንጓዴ አወጣ። ያን አረንጓዴ ያየሁ ቀን ቀና አልኩና፣ ከተወለድኩ ጀምሮ አባቴን አንቱ ስል የኖርኩት ልጅ፣ አፌን ከፈትኩ።

«ገብርኤልህ ጎባ ቤት ይከራይልኝ።»

እማዬ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ኦቦ ከድር ማጭዱን አቆመ። በጥፊ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። አባዬ ነዶ እያሰረ ነበር፤ ቀና ብሎ ሲያየኝ ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ለካ እሱም ያውቃል። ለካ ጎባ የምትባለዋን ነገር እሱም ሳምንቱን ሙሉ ተሸክሟት ኖሯል።

«እሱ ነገ ነው» አለኝ። «አሁን ይቺን ነዶ ያዢልኝ።»

ያዝኩለት። ምን አደርጋለሁ።

መስከረም ሲጠባ ጓደኞቼ ጎባ ገቡ፣ እኔ ቀረሁ። የበቀለ ስንዴ ነጋዴ አይገዛውምና እኛው በላነው። ዓመቱን ሙሉ ያ ዳቦ፤ አይነፋም፣ ጥርስ ላይ ይጣበቃል፣ ስኳር የገባበት ይመስል ይጣፍጣል። አባዬ እየቆረሰ ቅዱስ ገብርኤል ማሩን ከራሱ ጨምሮበታል ይላል፤ እማዬ እንኳ ሩቧን መደበቋን ተወች፣ ይሄን ደግሞ የትኛው አይጥ ይነካዋል ብላ። ያን ዓመት ከአባዬ ጋር ነበርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ በእግራችን ሮቤ ገበያ እንሄዳለን፤ መንገድ ላይ የሚያርፍባት አንዲት ድንጋይ ነበረችው፣ እዚያ ቁጭ ብሎ በሳነቴ ተራራ በኩል የሚወርደውን ጉም እያየ ነይ እዪ ይለኛል። እኔ መጣሁ እላለሁ፣ አልሄድም። ጓዳ በር ጀርባ ላይ በከሰል ጭረት እየሳብኩ ለመስከረም የቀረውን ቀን እቆጥር ነበር። ጠዋት የመጀመሪያ ሥራዬ ያቺ ጭረት ናት፤ እሷን ከሳብኩ በኋላ ቀኑ ራሱ ምን እንደመሰለ አላይም።

በተከታዩ መስከረም አባዬ እንደምንም ብሎ ጎባ አስገባኝ። ኅዳር ላይ ታመመ፣ ሳምንት አልቆየም። ሊወስደኝ የመጣው ኦቦ ከድር ነበር፤ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሞ ሳየው ገባኝ። የራሱን ጋቢ አልብሶ መኪና ላይ አሳፈረኝ።

እግዜር ያን ዝናብ ለእኔ ብሎ አዘነበው ልል አልደፍርም፤ የእርሱን ሥራ የምተረጉም ማን ነኝ። አባዬ ልክ ነበር፣ እማዬ ተሳስታለች ብዬም አልፈርድም፤ እማዬ የደበቀቻትን ሩብ ዳቦ በልተን ያደርንባቸው ቀናት ነበሩ። የማውቀው አንድ ነገር ነው። ስንዴው በገብርኤል ቀን ቢታጨድ ኖሮ ያን ዓመት ጎባ ነበርኩ። ስላልታጨደ የአባቴ የመጨረሻ ዓመት ሙሉውን ተሰጠኝ፣ ከነድንጋዩ፣ ከነጉሙ፣ ከነዚያ ድምፁ። እሱ ያን ዓመት ኖረው። እኔ እስኪያልፍ ጠበቅኩት።

ዛሬ ቤቱ የለም፣ እማዬም ኦቦ ከድርም የሉም፤ ማሳውን ሌላ ሰው ያርሰዋል። ይህ ሁሉ የዕድሜ ነው፣ አይደንቀኝም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። እሑድ እሑድ አስቀድሳለሁ፣ ነገ ባልኩ ቁጥር ካሰነበተን እላለሁ፣ አንድም ቀን አልረሳሁም፤ ቃሉ ከአፌ አልጠፋም፣ ልቤ ግን እስከ ዛሬ ከዚያ በር ጀርባ ቆሞ ጭረት ይስባል። ዳቦው ፊት ቆሜ ይህን ሁሉ ሳስብ ቤዛ ከሳሎን ተጣራች፤ ሹፌሩ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ያለው ቁርጥ መሆኑን ደውዬ ላረጋግጥ እንዴ እማ፣ ጭጋጉ ከባሰ ግን ምን ይሻላል አለችኝ። ስልኳን አሻቅባ ይዛ ወደ ማድቤቱ በር መጣች።

«እሱ ነገ ነው» አልኳት። «አሁን ይቺን ዳቦ ያዢልኝ።»

ግራ ገብቷት ስልኩን አስቀመጠችና ያዘችልኝ። አማተብኩ፣ ትኩሱን እንዳለ ቆረስኩት። ሩቡን ለመንገዷ ልሸርፍ እጄ በልማዱ ሄዶ ነበር፣ መለስኩትና እሱንም ቆረስኩት። ወለሉ ላይ ተቀመጥን። ቤዛ ጎርሳ ስታኝክ ጥርሷ ላይ ተጣበቀባት፤ ምንድን ነው ያበላሽኝ ብላ እየሳቀች በጣቷ ልታላቅቅ ስትታገል የፊት ጥርሷን ፍንጭት አየሁት። የአባዬ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ቤቴ ውስጥ ነበር፣ አላየሁትም።