በሁሉ ቦታ አለ ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ

ዛሬ አዘዞ መንገድ ላይ፣ በዚያ ሁሉ ጭቃ፣ አዲስ ጫማዋን አቅፋ በባዶ እግሯ የምትሄድ የሰባት ዓመት ልጅ ያያችሁ ካላችሁ፣ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ።

ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት አስተምራለሁ። የዛሬው ትምህርት እግዚአብሔርን የምንገልጽባቸው ቃላት ነበር፤ ከሃሊ፣ መሐሪ፣ ምሉእ በኵለሄ። የመጨረሻውን «በሁሉ ቦታ አለ ማለት ነው» ብዬ ተረጎምኩላቸው። ሁሉም ባንድ ድምፅ ደገሙት። እኔ ሞኟ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ብዙም ሳልቆይ እናቷ ደወለች።

«ምነው እቴ፣ ልጄን ምን ብለሽ አስተማርሻት? ጫማ አላደርግም ብላ እግሯ በጭቃ ተለውሶ መጣች! እንዲህ ከሆነ ሁለተኛ አልልካትም።»

እየሮጥኩ ሄድኩ። ልጅቷ ደጃፋቸው ላይ ቆማለች።

«ጫማሽን አድርጊ እንጂ!»

«ቤተ ክርስቲያን ስንገባ የምናወልቀው እግዚአብሔር ስላለ ነው ብለውን አልነበር እትዬ?»

«አዎ፣ ግን...»

«እዚህ የለም እንዴ?»

እስኪ ምን ይባላል? «የለም» ብል ትምህርቴ ውሸት ሊሆን ነው፤ «አለ» ብል ልጅቷ ነገም በባዶ እግሯ ትምህርት ቤት ልትሄድ ነው።

ለደብራችን ቄስ ደወልኩ። «ሸጋ ጥያቄ ነው፤ በይ መልሺላት» አሉና ስቀው ዘጉት። እግዜር ይስጥልኝ አባ!

እናንተስ ልጅ እንዲህ አፋጥጧችሁ ያውቃል? ምን መለሳችሁ? በፈጠራችሁ ቶሎ ጻፉልኝ፤ ልጅቷ ከፊቴ ቆማ የእኔን ጫማ እያየች ነው።